ምዕራፍ 7፦ የልጆች የነበረ ምሽት

ብይ መጫወት ማን አስተማረዎት? ሰኞ ማክሰኞስ? ቅልልቦሽስ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰዎች አቅርቤአለሁ፤ «እናቴ» ወይም «መምህሬ» ያለኝ የለም። መልሱ ሁልጊዜ «የሰፈር ልጆች» ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የሚበልጡን ልጆች ሲጫወቱ ዳር ቆመን አየን፤ አንድ ቀን ሰው ሲጎድልባቸው ጠሩን፤ ገባን። ሕጉን ስንስት ጮኹብን፤ ስናለቅስ አባበሉን ወይም ሳቁብን። በተራችን እኛም ለታናናሾቻችን እንዲሁ አደረግን። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈተነበትም፤ ግን እስከ ዛሬ አለ።

በምዕራፍ 4 አንድ ተረት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚይዝ አይተናል። አሁን የምናየው ከልጅ ወደ ልጅ የሚያልፈውን ነው። ጥያቄያችንም፣ ልጆች ለልጆች ያወርሱት የነበረን ልማድ አዋቂዎች ሲረከቡት ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ ከአሜሪካው ሃሎዊን የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ፣ ማለትም ቅድመ አያት፣ አያት፣ እናትና ልጅ በተከታተሉበት ዕድሜ፣ በዓሉ አራት ጊዜ መልኩን ቀይሯል። ስሙ ግን ያው ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዓሉን ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21 ገደማ፣ ሲመሽ የአሜሪካ ልጆች እንደ መንፈስ፣ እንደ አጽም፣ እንደ ጠንቋይ ወይም እንደ ፊልም ጀግና ለብሰው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የደጃፉ መብራት ከበራ «ኑ» ማለት ነው፤ ከጠፋ «እለፉን» ማለት ነው። በር ያንኳኩና «ትሪክ ኦር ትሪት!» ይላሉ፤ ወይ ስጡን፣ ወይ ጉድ እንሠራችኋለን እንደማለት። ባለቤቱም ከረሜላ ይሰጣቸዋል። ስሙ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በምዕራቡ ክርስትና ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለሆነ የዋዜማው ምሽት «የቅዱሳን ዋዜማ» ተባለ፤ ቃሉ በአጠራር እያጠረ ሄዶ ሃሎዊን ሆነ። በአየርላንድና በስኮትላንድ ደግሞ ከክርስትና በፊት የነበረው የሳውን በዓል፣ መኸሩ አብቅቶ ብርዱ የሚገባበት፣ በዚያው ሰሞን ይውል ነበር።

ኤርሾው

ፎክሎር ማለት ሕዝብ በራሱ አፍና በራሱ እጅ የሚያቆያቸውን ተረቶች፣ ጨዋታዎችና ልማዶች የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ እንደሆነ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተስማምተናል። የዚህ ዘርፍ ትልቁ እንቆቅልሽ «ይህ ልማድ የቱን ያህል አሮጌ ነው?» የሚለው አይደለም። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው «ይህን ያህል ከተለወጠ በኋላ ያው ነው የምንለው በምኑ ነው?» የሚለው ነው።

አሜሪካዊው የፎክሎር ምሁር ባሬ ቶልከን በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ ማንኛውንም ልማድ ሁለት ኃይሎች እንደሚጎትቱት አስረዳ። አንደኛው «እንደነበረ ይቆይ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «እንዳመቸ ይሁን» የሚለው። አንዱ ብቻ ካሸነፈ ልማዱ ይሞታል፤ ወይ እንደ ሙዚየም ዕቃ ይደርቃል፣ ወይ ማንነቱ ጠፍቶ ሌላ ነገር ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ከእናቶቻችን ጓዳ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። እንጀራ የሚጋገረው ትናንት ከተቦካው ሊጥ ላይ በተረፈው ኤርሾ ነው። ዱቄቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ጤፍ ሲወደድ ማሽላ ይቀላቀላል፣ ውጭ አገር ሲሆን ሩዝ ወይም ስንዴ ይገባበታል። ምጣዱ ከሸክላ ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ጋጋሪዋም ትለወጣለች። ኤርሾው ግን ከትናንቱ ወደ ዛሬው፣ ከዛሬው ወደ ነገው ያልፋል፤ እንጀራውን እንጀራ የሚያሰኘውን ኮምጣጣ ጣዕም የሚሰጠውም እሱ ነው። አዲስ ቤት የወጣች ሙሽራ ኤርሾ ከሌላት ከጎረቤት ትወስዳለች። ኤርሾ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እንጂ ከሱቅ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ ስለ ማንኛውም ልማድ ስናስብ ሁለት ነገሮችን እንለይ፦ ዱቄቱ ምንድን ነው? ኤርሾውስ? በሃሎዊን ከረሜላው ዱቄት ነው፤ በፊት ለውዝና ፖም ነበርና። ዱባውም ዱቄት ነው። አየርላንዶችና ስኮትላንዶች ፊት ቀርጸው መብራት የሚያኖሩት ተርኒፕ በሚባል ነጭ ሥር ውስጥ ነበር፤ ትልቁንና ለመፈልፈል የሚቀለውን ዱባ ያገኙት አሜሪካ ነው። ልብሱም፣ የሚባለው ቃልም ተለዋውጧል። ይህን ሁሉ ስናነሣ የሚቀረው፣ በጨለማ፣ ማንነቱን በጭምብል የሸፈነ ልጅ በሰው ደጃፍ ላይ መቆሙ ነው። በሩን የሚከፍተው አዋቂ ደግሞ ለዚያች ደቂቃ የልጁ ባለዕዳ ይሆናል። ኤርሾው ይህ ነው ባይ ነኝ። የምዕራፉን ቀሪ ክፍል የማውለው ይህ ኤርሾ በማን እጅ እንዳለፈ ለማሳየት ነው።

ማን ለማን እንዳወረሰው ለመረዳት የአንድ ባልና ሚስት ሥራ ይረዳናል። እንግሊዛውያኑ አዮና እና ፒተር ኦፒ በ70 ትምህርት ቤቶች ከሚማሩ 5,000 ያህል ልጆች የጨዋታ ቃላቸውን፣ ስድባቸውን፣ መሐላቸውን ሰብስበው በ1959 አሳተሙ። ያሳዩትም ልጆች የራሳቸው የሆነ፣ አዋቂ የማይገባበት ውርስ እንዳላቸው ነው። የዚህ ውርስ «ትውልድ» የሚቆጠረው በሠላሳ ዓመት አይደለም። ልጅ በስድስት ዓመቱ ገብቶ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከጨዋታው ከወጣ፣ አንድ ትውልድ ስድስት ዓመት ብቻ ነው። አንድ ጨዋታ ስድሳ ዓመት ቆየ ማለት በአሥር ትውልድ እጅ አለፈ ማለት ነው። ያለ መዝገብ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ይህን ያህል መዝለቁ ይደንቀኛል።

በር የነቀሉ ልጆች

ሃሎዊን መጀመሪያ የትንንሽ ልጆች አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ በ1785 ስለዚህ ምሽት የጻፈው ግጥም የሚያወራው ስለ ጎረምሶችና ኮረዶች ነው፤ ለውዝ እሳት ላይ ጥለው፣ ከጓሮ ጎመን በጨለማ ነቅለው፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ይተነብዩ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ዘፈን ሳይዘፍኑ፣ ግጥም ሳያሰሙ ወይም ሳያስቁ ግን ምንም አያገኙም። ሠርተው ነበር የሚበሉት።

በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ተመትቶ ከባድ ረሃብ ሲገባ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አገሩን ለቀቀ፤ ብዙው ወደ አሜሪካ ነበር የሄደው። ምሽቱንም ይዞ ሄደ። በአዲሱ አገር ግን የበዓሉ ክብደት ወደ ወንዶች ልጆች ተንኮል አጋደለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ሃሎዊን ማለት የአጥር በር ተነቅሎ ሌላ ሰው ግቢ የሚገኝበት፣ ጋሪ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የሚያድርበት፣ የሱቅ መስኮት በሳሙና የሚለቀለቅበት፣ የጓሮ ሽንት ቤት የሚገለበጥበት ሌሊት ነበር። በአንዳንድ ቦታ ስሙም «የአጥር በር ሌሊት» ነበር።

የዚያን ጊዜ ሃሎዊን ማየት የሚፈልግ በ1944 የወጣውን «ሚት ሚ ኢን ሴንት ልዊስ» የተሰኘ ፊልም ይመልከት። ታሪኩ የሚጀምረው በ1903 ነው። ልጆቹ አሮጌ ዕቃ ሰብስበው መንገድ ላይ ትልቅ እሳት ያነዳሉ። ከሁሉ የምታንሰው ሕፃን ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራውን ሰው ቤት ለብቻዋ ሄዳ ታንኳኳለች፤ ሲከፍት ፊቱ ላይ ዱቄት በትና ትሮጣለች። ስትመለስ እንደ ጀግና ይቀበሏታል። በዚያ ትዕይንት ውስጥ ከረሜላ የሚሰጥ አዋቂ የለም፤ ልጅ ይዞ የሚዞር ወላጅም የለም።

የዛሬ ወላጅ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። አንትሮፖሎጂስቱ ቪክተር ተርነር ግን በ1969 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ምሽት በሌላ ዓይን አየው። በብዙ ማኅበረሰብ ውስጥ ታናሽ ለአንድ ቀን ታላቅ የሚሆንበት፣ ታላቁም ዝቅ የሚልበት ሥርዓት አለ። ተርነር ይህን የማዕረግ መገለባበጥ ብሎ ጠራው፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ የአሜሪካ ልጆች ሃሎዊን ነበር። ዓመቱን ሙሉ «ቁጭ በል፣ ተነሥ» የሚባል ልጅ፣ ጭምብል ሲያጠልቅ ማንነቱ ይሰወራል፤ ለአንድ ምሽት የሚፈራው አዋቂው ይሆናል። ማሰሮ ሲፈላ ክዳኑን ትንሽ ከፈት እንደምናደርገው ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ወጡ ግን አይፈስም። በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

አንዳንዴ ግን ወጡ ይፈስሳል። ከተሞች ሲያድጉ፣ ልጆቹ የሚያጠቁት ጎረቤት የማያውቁት ሰው ሲሆን፣ ተንኮሉ ወደ ጥፋት ተሻገረ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በብዙ ከተሞች መኪና ይገለበጥ፣ የመንገድ መብራት ይሰበር ነበር። አዋቂዎችም መላ መፈለግ ያዙ። ከቀደሙት አንዷ በሚኒሶታ የምትገኘው አኖካ ናት። ከተማዋ በሃሎዊን ማግስት ላሞች በዋናው ጎዳና ሲንከራተቱ፣ መስኮቶች በሳሙና ተለቅልቀው ማግኘት ሰልችቷት በ1920 ለልጆች ሰልፍና ድግስ አዘጋጀች። ዛሬም ራሷን የዓለም የሃሎዊን መዲና ትላለች። ያ ሰልፍ አዋቂ የልጆቹን ምሽት መረከብ የጀመረበት አንዱ ቀን ነው።

ውሉ

«ትሪክ ኦር ትሪት» የሚለው ቃል ጥንታዊ ይመስላል፤ አይደለም። በ1927 ከካናዳዋ አልበርታ ግዛት የወጣ የጋዜጣ ዘገባ ልጆች በየበሩ እየሄዱ ይህን እንደሚሉ ይናገራል፤ በመላው አሜሪካ የተለመደው ግን ዘግይቶ ነው። ቃሉን ልብ ብለን ካየነው ልመና አይደለም፤ ውል ነው። «ጋሪህን ጣሪያ ላይ መስቀል እንችል ነበር፤ ከሰጠኸን ግን እንተውሃለን» ይላል። የቅድመ አያቱ ተንኮል በአያት ዘመን ወደ ሦስት ቃላት ተጠቅልሎ ገባ። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ፤ አዋቂው የአጥር በሩን አዳነ፣ ልጁም ክብሩን ሳያጣ ጣፋጭ አገኘ።

ውሉ አገር አቀፍ ለመሆን ስኳር አስፈልጎት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከ1942 ጀምሮ ስኳርን በራሽን አደረገች፤ ራሽኑ የተነሣው በ1947 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ግድብ መከፈት ነበር። ወታደሮች ተመልሰው አገቡ፤ ከ1946 እስከ 1964 ባለው ጊዜ 76 ሚሊዮን ያህል ልጆች ተወለዱ። በከተማ ዳርቻ እኩያ ልጆች የሞሉባቸው፣ በር ለበር የተደረደሩ አዳዲስ ሰፈሮች ተሠሩ። በአንድ ምሽት መቶ በር ማንኳኳት የሚቻልበት ሰፈር ማለት ነው። በ1952 የዲዝኒ ኩባንያ ስሙ ያው «ትሪክ ኦር ትሪት» የሆነ የካርቱን ፊልም አወጣ። ቀድሞ በ1950 ፊላዴልፊያ ውስጥ ልጆች ከረሜላ ብቻ ሳይሆን ለተቸገሩ ሕፃናት ሳንቲም የሚለምኑበት ልማድ ተጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ዩኒሴፍ በየዓመቱ ገንዘብ የሚያሰባስብበት ዘመቻ ከዚያ የመጣ ነው።

ከአራቱ ዘመናት በተለይ የምወደው ይህን ነው። ድምፁ ለስልሷል፤ ኤርሾው ግን ሕያው ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ልጆች ትራስ ልብስ ይዘው ያለ ወላጅ በቡድን ይወጡ ነበር። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይመራሉ። የትኛው ቤት በስኳር የታሸ የፈንዲሻ ኳስ እንደሚሰጥ፣ የትኛዋ አሮጊት ሳንቲም እንደምትሰጥ፣ የትኛው ቤት መታለፍ እንዳለበት የሚያስተምሩት እነሱ ነበሩ። ይህ ካርታ የተሳለው በልጆች ራስ ውስጥ ነው። ልብሱም ከአባት አሮጌ ኮት፣ ከእናት አንሶላ፣ ከከሰል ጥላሸት የሚሠራ ነበር፤ ከሱቅ የሚገዛው ቀጭን የፕላስቲክ ጭምብል እየገባ ቢሆንም።

ምላጭ የሌለበት ፖም

ቀጥሎ ፍርሃት መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ «እንግዳ ሰዎች ፖም ውስጥ ምላጭ እየከተቱ ለልጆች ይሰጣሉ» የሚል ወሬ አገሩን አዳረሰ። በ1974 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ፣ ዲር ፓርክ በምትባል ከተማ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳያናይድ የተቀላቀለበት ጣፋጭ በልቶ ሞተ። አገር ደነገጠ። ምርመራው ግን ገዳዩ እንግዳ ሰው እንዳልሆነ አሳየ፤ የልጁ የገዛ አባት ነበር፣ ያደረገውም ለኢንሹራንስ ገንዘብ ነው። በወሬው ተከልሎ ነበር የገደለው። ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ ፈረደበት፣ በ1984 ተፈጸመበት።

በ1982 ሃሎዊን አንድ ወር ሲቀረው በቺካጎ አካባቢ አንድ ያልታወቀ ሰው ታይሌኖል የተባለውን የራስ ምታት መድኃኒት በመርዝ በክሎ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩ ከከረሜላ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም፤ ፍርሃቱ ግን ወደዚያው ፈሰሰ። በዚያ ዓመት ብዙ ከተሞች ምሽቱን ከለከሉ ወይም ገደቡ። ሆስፒታሎች የልጆችን ከረሜላ በራጅ ማየት ጀመሩ።

ሶሲዮሎጂስቱ ጆኤል ቤስት ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1985 ባሳተመው ጥናት ከ1958 ወዲህ በጋዜጦች የተዘገቡትን ክሶች አንድ በአንድ መረመረ። በሃሎዊን በር ላይ እንግዳ ሰው በሰጠው የተበከለ ጣፋጭ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ አላገኘም። ከተዘገቡት ብዙዎቹ ትኩረት የፈለጉ ልጆች ራሳቸው የፈጠሯቸው ነበሩ።

በምዕራፍ 5 ወሬ ለምን ከእውነት ፈጥኖ እንደሚሮጥ ተነጋግረናል፤ ልድገመው አልልም። እዚህ የሚገደኝ ወሬው በልማዱ ላይ የሠራው ሥራ ነው። ቤት የተጋገረ ኩኪስ፣ የፈንዲሻ ኳስና ፖም ከበዓሉ ወጡ። በፋብሪካ የታሸገ ብቻ ቀረ። ወላጅ ከልጁ ጋር መዞር ጀመረ፤ ቤት ሲገባ ከረጢቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ ይፈተሻል። ልጁ የተማረውን አስቡት። አያቱ በልጅነቷ «ይህች ሴትዮ ሳንቲም ትሰጣለች» ብላ ጎረቤቷን ታውቅ ነበር። ልጁ የሚማረው ግን ጎረቤት የሚጠረጠር መሆኑን ነው። ኤርሾው ውስጥ ባዕድ ነገር የገባው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እውነተኛው አደጋ በሌላ በኩል ነበር። የ42 ዓመት የትራፊክ መረጃ የመረመረ ጥናት በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞት ዕድሉ ከሌሎች ተመሳሳይ ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከመርዝ ይልቅ መኪና ይገድላል፤ ፖሙን በራጅ ሲያዩ የቆዩት ከተሞች መንገዳቸውን ለእግረኛ ቢያስተካክሉ ይበጅ ነበር።

ደጃፉ ሲቀር

ከ1990ዎቹ ወዲህ አዲስ መልክ ተስፋፋ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሳይመሽ፣ ወላጆች መኪናቸውን ይደረድራሉ። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍተው በዱባና በሸረሪት ድር ያስጌጡታል፤ ልጆች ከመኪና ወደ መኪና እየሄዱ ይቀበላሉ። በአንድ ሰዓት ያልቃል። መንገድ መሻገር የለም፣ ጨለማ የለም፣ የማይታወቅ ፊት የለም። ትንንሽ ልጆች ላሏት፣ ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር ለምትኖር እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለእሷ መልካም ሆኖላታል።

ግን በኤርሾው እንመዝነው። ጭምብሉ አለ፣ ከረሜላው አለ፣ ቃሉም አለ። ደጃፉ ግን የለም። በምዕራፍ 6 ስለ ሠርግ ስናወራ ደጃፍ ማለት የእኛና የእነሱ፣ የውስጥና የውጭ ድንበር እንደሆነ አይተናል፤ ልጅ ያን ድንበር በራሱ እግር ሄዶ፣ በራሱ እጅ አንኳኩቶ፣ ልቡ እየመታ የሚጠብቃት ደቂቃ ነበረች። በመኪና ማቆሚያው ያቺ ደቂቃ የለችም። ሰጪውም ተቀባዩም የሚተዋወቁ ናቸው፤ «ጉድ እንሠራችኋለን» የሚለው ቃልም የሚያስፈራራው ሰው ስለሌለ ትርጉሙን አጥቷል።

ይህ የሃሎዊን ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1969 ከአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች 48 በመቶ ያህሉ በእግር ወይም በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ2009 ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። በእንግሊዝ ደግሞ በ1971 ከሰባትና ስምንት ዓመት ልጆች 80 በመቶው ያለ አዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩት በ1990 ዘጠኝ በመቶ ብቻ ሆኑ። ልጆች ብቻቸውን የሚሆኑበት መንገድ ከጠፋ፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚያልፍ ነገር የሚያልፍበት ቦታ አጣ ማለት ነው። ኤርሾ ለመበደር ጎረቤት ቤት መሄድ ያስፈልጋልና።

አዋቂዎችም ምሽቱን ለራሳቸው ወሰዱት። በ1974 የአሻንጉሊት ሠሪው ራልፍ ሊ በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ የጀመረው ሰልፍ ዛሬ ግዙፍ የአዋቂዎች ትርኢት ሆኗል። በ2023 አሜሪካውያን ለሃሎዊን 12.2 ቢሊዮን ዶላር ያወጣሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከ2007 ጀምሮ የበጋው ሰዓት አቆጣጠር እስከ ኖቬምበር ስለተራዘመ ምሽቱ ራሱ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ይጨልማል።

የትናንቱን አብዝቼ እንዳላሞግስ አንድ ነገር ልናገር ይገባኛል። የአያት ዘመን ደጃፎች ለሁሉም ልጅ እኩል የተከፈቱ አልነበሩም። የዘር መለያየት በሕግና በልማድ በጸናበት አገር ጥቁር ልጅ የፈለገውን ሰፈር በር ሊያንኳኳ አይችልም ነበር። ለውዝ የሚገድለው ልጅም ከሌሎቹ እኩል ተሰልፎ የተሰጠውን መብላት አይችልም ነበር። ከ2012 ወዲህ አንዳንድ ቤቶች ዱባ በአረንጓዴ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ደጃፍ ላይ ያስቀምጣሉ፤ «እዚህ ከምግብ ሌላ መጫወቻ አለ» የሚል ምልክት ነው። ይህን የጀመሩት አዋቂዎች ናቸው፤ ግን ልጁን ወደ ደጃፉ መለሱት እንጂ ከደጃፉ አላራቁትም። እኔ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። አዋቂ በልጆች ልማድ ውስጥ እጁን ማስገባቱ ብቻውን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ልጁን ከእንግዳ ሰው ፊት መቆም ሲያስቀርበት ነው።

የእኛ ደጃፍ

አንባቢዬ እስካሁን ቡሄን ሳያስቡ አልቀሩም። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ትርጉሙም ከሃሎዊን ጋር አንድ አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም፣ በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ የመንፈስና የአጽሙ ነገር ከእምነታቸው ጋር ስለሚጋጭባቸው በዚያ ምሽት የደጃፋቸውን መብራት ያጠፋሉ፤ ልጆቻቸው ከእኩዮቻቸው እንዳይለዩ ብለው የሚያለብሱም አሉ። ይህ የየቤቱ ውሳኔ ነው። እኔ የማወዳድረው እምነቱን ሳይሆን የሚተላለፍበትን መንገድ ነው።

ሆያ ሆዬንም ወላጅ አላስተማረንም። ትልቁ ልጅ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን፤ ዱላችንን መሬት ላይ እየመታን። የትኛው ቤት ሙልሙል እንደሚሰጥ፣ የትኛው ውሻ እንዳለው ካርታው በእኛ ራስ ውስጥ ነበር። የቤቱን ጌታ በስሙ ጠርቶ ማወደስ የስምንት ዓመት ልጅ በአደባባይ የሚናገርባት የመጀመሪያ ቀኑ ነበረች። ካልሰጡን ቀስ ብላ የምትወጋ ግጥም ነበረችን፤ ከሰጡን ደግሞ መርቀን እንሄዳለን። ውል ነበር፤ የስኮትላንድ ልጆች እንደነበራቸው ሠርቶ የሚበላበት ውል።

ዱቄቱ ተለውጧል። ሙልሙሉ በብር ተተክቷል፤ ለዚህ አላዝንም፣ ለውዝም ወደ ከረሜላ ተለውጧልና። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አፓርታማ በሆነው ከተማችን ልጆቹ ከዘበኛው በር አያልፉም። በቴሌቪዥን አዋቂ ዘፋኞች ያቀነባበሩት ሆያ ሆዬ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ልጆች በመምህር እየተመሩ መድረክ ላይ ይዘፍኑታል፤ ወላጆች በስልክ ይቀርጻሉ። ይህ የእኛ መኪና ማቆሚያ ነው።

ስለዚህ ነሐሴ 12 ሲመሽ ወይም በማግስቱ ልጆች ደጅዎ ሲመጡ፣ ዘበኛውን «አስገባቸው» ይበሉ። ብሩን በሠራተኛ እጅ አይላኩ። በሩን እርስዎ ራስዎ ይክፈቱ፣ እስኪጨርሱ ቆመው ይስሟቸው፤ ስምዎን እያነሡ ሲያወድሱዎት ይሳቁላቸው። ከዚያ በእጅዎ ይስጧቸው፣ ምርቃታቸውንም «አሜን» ብለው ይቀበሉ። ከኋላ ቆሞ ዝም ያለ ትንሽ ልጅ ካዩ ለይተው ይጠይቁት፤ በሚመጣው ዓመት የሚያወጣው እሱ ይሆናል።